እስከ ገና የእኔ ነው

ሰኞ፣ ጁን 3 ቀን 1861

ጠዋት ሲቆጠር፦ ያለቀለት ገመድ አርባ አንድ ጥቅል። የጥጥ መጠቅለያ ሸራ ሃምሳ ስድስት። ያልተበጠረ ቃጫ ግማሽ መጋዘን። ወደ ደቡብ የተጫነ፣ ምንም።

በሌላ ዓመት በዚህ ወር መርከቦች ወደቡ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይቆማሉ፤ የጥጥ አገር ነጋዴዎችም ገመዴን ሬንጁ ሳይደርቅ ይወስዱታል። ዛሬ ወደቡ ላይ ያየሁት አንድ ዓሣ አጥማጅና ሁለት ውሾች ነው።

ምክር ቤታችን «ኬንታኪ የሰሜንም የደቡብም አይደለችም፤ በዚህ ጦርነት አትገባም» ብሎ ካወጀ ሁለት ሳምንት አለፈው። ለንግድ ጥሩ አዋጅ ነው። ችግሩ መንገድ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ ወይ የዚያኛው ወይ የዚህኛው መሆኑ ነው። የገመድ መሥሪያ አዳራሼ ኃላፊ ኖላን አየርላንዳዊ ነው፣ ነገር ሳይሰነጥቅ አይውልም። አጥር ላይ የተቀመጠ ሰው ጥሩነቱ ከሁለቱም ወገን ለተኳሽ መመቸቱ ነው አለኝ።

ፈታዮቹን ግማሽ ቀን አሰናበትኳቸው። ዋርነርን ግን አላሰናበትኩም። ቃጫ አበጣሪ ነው። የቃጫውን ጭብጥ በማበጠሪያው የብረት ጥርሶች ላይ ጣል አድርጎ ሲስበው ገለባው ይረግፋል፣ ረጅሙ ጭረት እንደ ሴት ጠጉር ለስልሶ እጁ ላይ ይቀራል። እንደ እሱ ያለ በወንዙ ዳር ከተሞች ሁሉ የለም። የዳኛ ፕሪዊት ባሪያ ነው። በየዓመቱ በአዲስ ዓመት ቀን እከራየዋለሁ፤ ለገና ከአንድ ሙሉ ልብስ፣ ከጫማና ከብርድ ልብስ ጋር ለዳኛው እመልሰዋለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ እንደገና እከራየዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነን። ቅዳሜ ማታ ዳኛው እርሻ ላይ ወዳለችው ሚስቱ ወደ ቫይኒ ይሄዳል፣ እሑድ ማታ ይመለሳል።

እኔ ባሪያ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ወንዙ ማዶ ኢንዲያና ውስጥ ለሚኖረው ለሚስቴ ወንድም ለኦበድ ይህንን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ሁልጊዜ የሚመልስልኝ ያችኑ ፈገግታውን ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 8

ዳኛ ፕሪዊት ለገበያ መጥቶ እግረ መንገዱን ጎራ አለ። ዳኝነቱን ከተወ ቆይቷል፣ ስሙ ግን አለቀቀውም። ከፈረሱ ሳይወርድ ነው ያነጋገረኝ። ዘመኑ ስለከፋ ቤቱ ውስጥ ያለውን አፍ መቀነስ ይፈልጋል። ቫይኒን ከነልጇ ውሰዳት አለኝ፤ ኪራይ አልጠይቅህም፣ አብላት፣ አልብሳት፣ ብትታመም ሐኪም ጥራላት፣ ሌላ ምንም የለብህም።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ትንሽ ልጅ ያላትን ሴት በኪራይ ቀንም ቢሆን ገንዘብ ከፍሎ የሚወስዳት የለም፤ ቀለቧን ለሚችል ነው የምትሰጠው። የሥራዋን ግማሽ ልጁ ይበላዋል ተብሎ ይታሰባል።

አሰብኩበት። ወጥ ቤት ውስጥ ሰው አለን። ልጅቷ ዲሲ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ግቢዬ ውስጥ ሬንጅ ቀኑን ሙሉ ይፈላል። ገበያ በሌለበት ሰሞን ሁለት አፍ መጨመር የነጋዴ ሥራ አይደለም። ሬንጁን ሰበብ አድርጌ ለገና እንነጋገርበታለን አልኩት። ገና እስኪደርስ ማን ሞቶ ማን ይተርፋል ብሎ ሳቀና ሄደ።

የፈረሱን ልጓም ይዞ የቆመው ዋርነር ነበር። የሰማ አልመሰለኝም። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም።

ሚስቴ ሚነርቫ ግን በመስኮት ሰምታለች። እራት ላይ፣ ልብስ አጣቢ ፈልግልኝ ካልኩህ ዓመቴ ነው አለችኝ። ሳህኑንም ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

ረቡዕ፣ ጁን 26

ቸኩያለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ ደቡብ ዕቃ አይጫንም። መጋዘኑ ጢም ብሏል። ኦበድ መልእክት ላከ፦ ወንዙ ማዶ የሠፈረው የሰሜን ጦር የድንኳን ገመድ ይፈልጋል። ብዙ። የዚህ ከተማ የወጣቶች ጓድ፣ አብዛኛው ለደቡብ የሚያደላ፣ እሱም የድንኳን ገመድ ይፈልጋል። ለሁለቱም እሸጣለሁ። አዋጁ ከማንም አይደለንም ነው የሚለው።

ሐሙስ፣ ጁላይ 4

የነጻነት በዓል። ሁለት ሰልፍ ነበር፣ አንዱ ወደ ባቡር ጣቢያ፣ አንዱ ወደ ጀልባው። ባቡሩ ወደ ቴነሲ፣ ወደ ደቡብ ጦር፤ ጀልባው ወደ ኢንዲያና። ባንክ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ጠባብ ጎዳና ላይ ተላለፉ። ሁሉም አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው። የዳኛው ልጅ ወደ ባቡሩ ከሚሄዱት ጋር ነበር። ከወዲያኛው ሰልፍ አንዱ ጎረምሳ፣ «የአባቴን ሰዓት መልስና ሂድ፣ ሌባ!» ብሎ ጮኸበት። «ሪችመንድ መጥተህ ውሰድ!» አለው የዳኛው ልጅ፣ የደቡቦቹን ዋና ከተማ ጠርቶ። ሁለቱም ወገን ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ወገን የወሰደውን ጥቅል መዘገብኩ። እኩል ነው ለማለት ይቻላል።

ረቡዕ፣ ጁላይ 24

ቨርጂኒያ ውስጥ ትልቅ ውጊያ ተደርጓል። የሰሜን ጦር ተሸንፎ ሸሽቷል። እስካሁን ነገሩ በቶሎ ያልቃል፣ የሚቀረን የመከሩ ገበያ ነው እያልኩ ነበር። አሁን እንዲያ ማለቱን ትቻለሁ።

የጀልባው ባለቤት ስኪልስ አዲስ ትእዛዝ ደርሶኛል አለ። ከእንግዲህ ጌታው ራሱ አብሮ ካልቆመ በቀር ጥቁር ሰው አያሳፍርም፤ የተከራይ ወረቀት አይበቃም። አንድ ሰው ቢያመልጥበት በጀልባው ነው የሚጠየቀው። እኔም ለዳኛው የፈረምኩት ይህንኑ ነው፤ ዋርነር ወንዙን ከተሻገረ ሙሉ ዋጋው የእኔ ዕዳ ነው። ስለዚህ ማዶ የሚሄድ ገመድ ባለ ቁጥር ኖላንን ነው የምልከው።

ማታ ዋርነር አዳራሹን ሲዘጋ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ ዳኛው ስለ ሚሲሲፒ ያወሩት ነገር አለ ወይ? የዳኛው ወንድም እዚያ ሰፊ የጥጥ መሬት አለው። ወሬ ነው አልኩት። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 6

የትናንቱን ምርጫ ከሰሜን ጋር እንቆይ የሚሉት በሰፊው አሸነፉ። ከተማው ግማሹ ጨፈረ፣ ግማሹ በሩን ዘጋ። ዳኛ ፕሪዊት ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሰው በተሰበሰበበት፣ ንብረቱን ሊነጥቀው በተዘጋጀ መንግሥት ሥር እንደማይኖር፣ መከሩን ሰብስቦ ሰዎቹን ይዞ ወደ ወንድሙ እንደሚወርድ ተናግሯል።

ሰዎቹን ሲል አሥራ አራት ነፍስ ነው። ዋርነር፣ ቫይኒና ዲሲ ከነሱ ውስጥ ናቸው።

ዋርነር በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመነኝ። ኖላን እስኪወጣ ጠብቆ ነው። «ቫይኒን አሁን ይውሰዷት፣ ጌታዬ። ቀለቧን እኔ በትርፍ ሥራ እችላለሁ። ልጅቷን ከሬንጁ እኔ እጠብቃታለሁ።»

የሬንጁን ነገር የተናገርኩት ለዳኛው ብቻ ነበር።

እሑድ፣ ኦገስት 11

ዳኛው እርሻ ድረስ ሄጄ መጣሁ። ነገሩን በደንብ ልጻፈው።

በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሎሚ በውሃ አቀረቡልን፤ ያቀረበችው ቫይኒ ናት። ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናት። ልጅቷ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ነበረች። ስለ ዝናብና ስለ በቆሎው ካወራን በኋላ፣ ለጁን ወሩ ነገር ነው የመጣሁት፣ አስቤበታለሁ፣ እንወስዳታለን አልኩት። ሚስቴ አጣቢ ትፈልጋለች አልኩ። ኪራይም እጨምራለሁ አልኩ፤ ይህን ለማለት ከቤት ስነሳ አላሰብኩም ነበር።

«ወንድሜ» አለኝ ዳኛው፣ «በጁን በነጻ ስሰጥህ አልፈልግም ያልከኝን፣ አሁን ከፍለህ ልትወስድ ነው?»

ዘመኑ ተለዋወጠ አልኩት።

«ለእኔም ተለዋውጧል። መንገድ ላይ ማን ያበስልልኛል? ልጅቷስ ብትሆን እዚያ ስትደርስ ታድጋለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እንደ ወዳጅ። «ዋርነርንም አዘጋጅልኝ። በሴፕቴምበር አጋማሽ እነሳለሁ።»

ዋርነርን በውል ነው የያዝኩት አልኩ። እስከ ገና።

«በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ውል ታወራለህ?»

«ዳኛ የነበሩት እርስዎ ነዎት» አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። ስመለስ መንገዱን ሁሉ ይህችን አባባል እያስታወስኩ ደስ ሲለኝ ነበር።

ቫይኒ ባዶውን ብርጭቆ ልታነሳ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። ብርጭቆዬን ስትወስድ ዓይኗን ወደ እኔ አላነሳችም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 27

ጠበቃው ውሉን አየው። ነጠላ ሰረዝ የሚነካው የለም አለ፤ ዋርነር እስከ ገና የእኔ ነው፤ ዳኛው በኃይል ቢወስደው የአውራጃው ሕግ አስከባሪ ሸሪፉ ያስመልሳል። ለዳኛው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ላከልኝ።

ለዋርነር ለራሱ ነገርኩት፣ ቢያንስ እፎይ ይበል ብዬ። የትም አትሄድም አልኩት።

«ቫይኒስ?»

እሷ ውሉ ውስጥ የለችም አልኩት። እውነቱ ይኸው ነው። አንገቱን ነቀነቀና ወደ ማበጠሪያው ተመለሰ። ኖላን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ፣ «እንኳን ደስ ያለህ ዋርነር፣ ግማሽህ ድኗል» አለው። ዝም በል አልኩት።

ሚነርቫ ወንድሟ ዘንድ ሁለት ቀን ልታድር ሄዳለች።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 5

የደቡብ ጦር በስተ ምዕራብ ገብቶ አንድ የወንዝ ከተማ ያዘ። ሰሜኖቹ ደግሞ ሌላውን እየያዙ ነው ይላሉ። ከማንም አይደለንም ያልነው ነገር አለቀለት። ሱቆች ግማሽ ቀን ተዘጉ። ስኪልስ ጀልባውን ማዶ አስሮ አደረ።

ከማዶው ጦር ሰፈር አስቸኳይ ትእዛዝ መጣ፦ መድፍ መጎተቻ ወፍራም ገመድ፣ እስከ ሴፕቴምበር 18። በደንብ የተበጠረ ቃጫ ካልሆነ ይበጠሳል። ሌሊትም መሥራት አለብን።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ዳኛው ሸሪፉን ይዞ መጣ። ሸሪፉ የመጣው ሊያስማማን እንጂ ሊይዝ አይደለም፤ ከሁለታችንም ጋር ካርታ የሚጫወት ሰው ነው። ውሉን አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበው፣ ገልብጦም አየው፣ ለዳኛው ሰጠው። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ አቁሞ ነበር። ወደ ኋላ እየተራመዱ የሚፈትሉት ባሉበት ቆመው ክሩ እጃቸው ላይ ረገበ።

ዳኛው ዋርነርን ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ከዚያ ለእኔ፣ «ያዘው እንግዲህ» አለኝ። «ለገና ላክልኝ፣ መንገድ ካገኘህ።»

አሸነፍኩ። ውሌን አስከበርኩ። ሸሪፉ ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዋርነር ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው ፈረሱ ላይ ከወጣ በኋላ ሮጦ ደረሰበትና አንድ ነገር ጠየቀው፤ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ዳኛው ራሱን ነቅንቆ እኔን በአለንጋው ጠቆመው።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 13

ዋርነር ከሥራ በኋላ መዝገብ ክፍል ድረስ መጣ። ቆቡን አውልቋል።

«ጌታዬ፣ ያንን ወረቀት ይቅደዱት።»

«የትኛውን?»

«የኪራዩን። ከዳኛው ጋር ልሂድ።»

መጀመሪያ የሰማሁትን ጆሮዬ አላመነም። በየሳምንቱ ከዚህ አውራጃ ሁለት ሦስት ሰው ወደ ሰሜን ይጠፋል። ይኼ ወደ ደቡብ ልሂድ ብሎ ይለምነኛል። ሚሲሲፒ ምን እንደሆነ ታውቃለህ አልኩት።

«አውቃለሁ። ወንድሜ እዚያ ነው የቀረው።»

«ታዲያ?»

«ቫይኒ አታውቅም» አለ። «ብቻዋን ልትሄድ ነው።»

በመስኮቱ ወንዙ ይታያል። ሳላስበው ዞር ብዬ አየሁት። እሱም አየው። «እሱንም አስቤው ነበር» አለኝ፣ «ሦስት ሆነን።»

ይህን የመጨረሻውን እንዳልሰማሁ ቆጥሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ ለባለቤቱ እንዳሳውቅ ውሉ ያስገድደኛል።

መቼ ይነሳሉ አልኩት። የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ብለዋል አለኝ። ጊዜ አለ ማለት ነው። የመድፉ ገመድ ረቡዕ ይወጣል። እስከ ረቡዕ ታገሠኝ፣ ሐሙስ በገዛ እጄ ቀድጄ በራሴ ጋሪ አደርስሃለሁ አልኩት። ከዳኛው ጋር በሸሪፍ ፊት ተከራክሬ ያሸነፍኩትን ነው የምለቅለት፤ ይህን እሱም የሚያውቅ ይመስለኛል።

«እሺ ጌታዬ።»

ቆቡን ሳያደርግ ወጣ። እስከ ሐሙስ ድረስ ምናልባት ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። ለራሱም እዚህ ቢቀር ይሻለዋል። ማንም አስተዋይ ሰው ይህንኑ ይለዋል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 16

ሥራ። ሥራ። ዋርነር ለሁለት ሰው ያበጥራል። ሳይጠየቅ ነው። ምግቡን ቆሞ ነው የሚበላው።

ሚነርቫ ተመልሳለች። ነገሩን ነገርኳት። ለምን ዛሬ አትለቀውም አለችኝ። ትእዛዝ አለብኝ አልኳት። «ትእዛዝህን አውቃለሁ» አለች። ከወንድሟ ጋር ሆና ስለ እኔ ምን እንዳወሩ መገመት አያቅተኝም።

ኦበድ ገመዱን የሚረከበው ለሰሜን ጦር፣ እሱ ትክክለኛ ለሚለው ወገን ነው። ይህን ግን አላነሳችም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

የመድፉ ገመድ ሁሉ ወጣ። አንድም ጉድለት አልተገኘበትም። ደቡቦቹ ባቡር መንገዱን ይዘው ወደዚህ እየመጡ ነው፣ ሰሜኖቹ ወንዙን ተሻግረው እየወረዱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወታደር በከተማው አለፈ። ውሉን ቀድጄ ለዋርነር የመልቀቂያ ጽሑፍ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ነገ በጠዋት።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 19

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ዳኛው እርሻ ስንደርስ በሩ ክፍት ነው። ዶሮዎች በረንዳው ላይ ይመላለሳሉ። መራመድ ስለማይችሉ የቀሩ አንድ ሽማግሌ ባሪያ ወጥተው ነገሩን። ሰሜኖቹ ተሻገሩ የሚል ወሬ ሲሰማ ዳኛው ቅዳሜን አልጠበቀም፤ ማክሰኞ ሌሊት ጭኖ ሄደ።

ማክሰኞ ሌሊት እኛ የመጨረሻውን ገመድ እየገመድን ነበር።

ዋርነር ሽማግሌውን፣ አባባ፣ በየትኛው መንገድ ሄዱ አላቸው። ጋሪው ላይ ሳይወጣ በእግሩ ቀደመ። ፈረሱን አስገድጄ ደረስኩበት፤ ለመውጣት የተስማማው በእግሩ ፈጥኖ እንደማይደርስ ሲገባው ነው። በየኮረብታው ላይ ብድግ እያለ ያያል።

በደቡቡ መንገድ ላይ ያለው የትንሹ ወንዝ ድልድይ ጋ ቆምን። ሳንቃው ተነቅሏል። በዚህ በኩል የሰሜን ወታደሮች መድፍ አቁመዋል፣ መጎተቻው ገና አልተፈታም። የእኔ ገመድ ነው። አገማመዱን አየሁት፣ ሌላ ሰው እንዲህ አይሠራም።

ዘቡ የኢንዲያና ገበሬ ልጅ ነው፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። ወዴት አለኝ። ወረቀቱን አሳየሁት፣ ነገሩን አስረዳሁት። «አባቴ» አለኝ፣ «በዚህ መንገድ ወደ ደቡብ የሚሄደው ጥይት ብቻ ነው።» ዋርነርን ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ደግሞ መንገዱ ጠፍቶህ ነው? ሰሜን በዚያ ነው።»

ጓደኞቹ ሳቁ። በክፋት አይመስለኝም። ዋርነር፣ «መንገዱስ አልጠፋኝም፣ ጌታዬ» አለ።

መኮንኑን ጠራሁ። ራሴን ነገርኩት፣ ለጦሩ ገመድ አቅራቢ መሆኔን። በአክብሮት አነጋገረኝ፣ ግን አላሳለፈኝም። የሸሸ ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠት የእሱ ሥራ አይደለም፤ ባሪያውን ወደ ጠላት አገር ማድረስ ደግሞ የባሰ ነው። ባሪያው ራሱ ነው የሚፈልገው አልኩት። እንደ ዕብድ አየኝ። እውነት ለመናገር፣ ከራሴ አፍ ሲወጣ ለእኔም የዕብድ ነገር መሰለኝ።

ዋርነር ዘቡን ጋሪዎች አልፈው እንደሁ ጠየቀው። ልጁ አሰበ። ትናንት ንጋት ላይ ድልድዩን ልንነቅል ስንል ሦስት ጋሪ አለፈ አለው። የቤት ዕቃ፣ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት፣ ወንበር። ጋሪው ስለሞላ ሰዎቹ በእግር ነበር የሚከተሉት። አንዲት ረጅም ሴት ልጅ አዝላ ከኋላ።

«ልጅቷ ነቅታ ነበር?» አለው ዋርነር።

«ምኑን አውቄ» አለ ልጁ። ከዚያ ወደ ዋርነር ዞሮ፣ «የነቃች ይመስለኛል» አለው። ሊያስደስተው ብሎ ይመስለኛል።

ተመለስን። እሱ ከጋሪው ጎን በእግሩ። ውጣ አልኩት። ደግሜም አልኩት። ምን ልጨምር እችል ነበር? ድልድዩን የነቀልኩት እኔ አይደለሁም። ዳኛው ቅዳሜ ነው ያለው። ቅዳሜ ቢሆን ኖሮ ደርሰን ነበር፣ ሁለት ቀን ተርፎን።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

ዋርነር ያበጥራል። እንደ ወትሮው።

ወንዙ ዳር የነበረው ዘብ ላልቷል። ስኪልስም ጌታው አብሮ ይቁም ማለቱን ትቷል፤ ዳኛው የለ፣ ማን ይከሰኛል ብሎ። ዛሬ ለዋርነር፣ ማዶ የሚሄደውን ጭነት አንተ አድርስ አልኩት። ምን እንደምል የገባው ይመስለኛል። ኖላን አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ኖላን ያድርሰው፣ ጌታዬ» አለኝ ዋርነር።

ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጌ መናገር ነበረብኝ? የቀደድኩት የእኔን ቅጂ ነው፤ ዳኛው ጋ ባለው ፊርማዬ ላይ ስንት አደጋ እንደጨመርኩ እሱ አያውቅም። ሚነርቫ ስነግራት፣ «ማዶ ማን አለው?» አለች። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 29

ዋርነር ዛሬ ጠዋት የለም። የጀመረውን ጭብጥ ጨርሶ፣ ማበጠሪያውን ጠርጎ ነው የሄደው። ስኪልስን ጠየቅኩት፤ አንድም ጥቁር ሰው አልተሻገረም ብሎ ማለልኝ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

ጠዋት ሲቆጠር፦ ያለቀለት ገመድ አራት ጥቅል። ያልተበጠረ ቃጫ ሙሉ መጋዘን። ትእዛዝ ከምንችለው በላይ።

ድልድዩ አጠገብ ካለው ወፍጮ በላይ የሚኖር አንድ ገበሬ ቅዳሜ ሌሊት ውሾቹ ሲጮሁ ወጥቶ ነበር። አንድ ሰው ልብሱን ራሱ ላይ አስሮ ከድልድዩ በላይ ባለው ጥልቅ ውሃ ሲገባ አየሁ አለ። ወዲያ ማዶ፣ ወደ ደቡብ። ወታደሮቹ ሁለት ጊዜ ተኩሰዋል፤ ጨለማ ስለነበር ይውደቅ ይሻገር አላየም። ኖላን ይህን ሲሰማ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ቆቡን አወለቀ።

ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ የተከራየሁት ሰው ጠፋብኝ ብዬ ማስታወቅ አለብኝ። ካላስታወቅኩ ዕዳው የእኔ ነው። ካስታወቅኩ መልኩንና ቁመቱን ጽፈው በየመንገዱ ይለጥፋሉ። ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል ይላሉ። ሄጄ አላየሁም።

ሚነርቫ ሚሲሲፒ በእግር ስንት ቀን ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። እቃ የምልከው በመርከብ ነበር።

ጦሩ እስከሚቀጥለው ወር አጋማሽ ሁለት መቶ ጥቅል ይጠብቃል፤ የሚያበጥር ሰው የለኝም።

ነገ፦ ወይዘሮ ቴቢስ ዘንድ መሄድ። እስከ ገና የሚያከራዩት አበጣሪ እንዳላቸው መጠየቅ። ሚስት ካለው፣ የት እንዳለች አስቀድሞ መጠየቅ።